ባቡሩ ከሄደ በኋላ የቀረው መንገድ፦ በድሮ የሥራ መንገዶች ላይ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእግሩ መሄድ የሚወድ ሰው አንድ ቀን ሳያስበው እንግዳ መንገድ ላይ ይወጣል። ዙሪያው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ እሱ የቆመበት ግን ልክ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሏል። ኮረብታው ለመንገዱ ሲባል ተቆርጧል። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ለጥቂት እግረኞችና ለውሻቸው ከሚያስፈልገው በላይ ግዙፍ ነው። ለሽርሽር ብሎ ይህን ያህል የሚደክም የለም። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የሚመጣው፦ እዚህ ምን ነበር?

ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደሚመቸኝ መልሻቸዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢንዱስትሪ ታሪክ ያለው መንገድ ማለት ምን ማለት ነው?

ለሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ሥራው ሲያበቃ ለእግረኛ የቀረ መንገድ ነው። ሐዲዱ የተነሳ የባቡር መስመር ሊሆን ይችላል። ፈረስ ጀልባ ይጎትትበት የነበረ የቦይ ዳርቻም ሊሆን ይችላል። ከካባ ድንጋይ የወረደበት፣ ከጉድጓድ የወጣ ከሰል የተጓዘበት፣ የወፍጮ ውሃ የተጠለፈበት፣ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካ የተመመበት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ አማርኛ የሐዲዱንም የእህል ወፍጮውንም «ባቡር» ብሎ መጥራቱ ሁሌም ደስ ይለኛል። ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም ያጨሳሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይም ሁለቱ ብዙ አይራራቁም።

አንድ መንገድ ድሮ ምን እንደነበረ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ በእግራችሁ። ከዓይን በፊት ጉልበት ያውቃል።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዳችሁ ካልደከማችሁ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ወይም በጣም በዝግታ የሚታጠፍ ከሆነ፣ የባቡር መስመር ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው ትንሽ ነው። አንድ ባቡር ያን ሁሉ ፉርጎ መጎተት የሚችለው በዚህ ነው። ዳገት ላይ ግን ያው ጥቅም ጉዳት ይሆናል፤ ጎማው ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በተቻላቸው መጠን 50 ሜትር ተሂዶ ከ1 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይጥሩ ነበር። ኮረብታ ሲመጣ ቆረጣ፣ ሸለቆ ሲመጣ ሙሌት። ከኮረብታው የተቆረጠው አፈር ሸለቆውን እንዲሞላ ያሰሉታል። እናም በሁለት የአፈር ግድግዳ መሃል ስትሄዱ ቆይታችሁ ወዲያው ከዛፎች ጫፍ በላይ ብቅ ካላችሁ፣ የረገጣችሁት አፈር ትንሽ ቀደም ብሎ ካለፋችሁበት ቦታ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

መንገዱ ሜዳ ሆኖ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ውሃ ፈልጉ። ወይም ውሃ የነበረበት ረግረግ። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ የድሮ ቦይ ቀያሾች ኮረብታውን ከመብሳት መዞር ይመርጡ ነበር። የእንግሊዙ ጄምስ ብሪንድሊ በዚህ ይታወቃል። እሱ የሠራው የብሪጅዋተር ቦይ በ1761 ከዎርስሊ የከሰል ማውጫ ተነስቶ ወደ ማንቸስተር ከሰል ማድረስ ጀመረ።

ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር መንገድ ሲያጋጥማችሁስ? ያ ፉርጎ በገመድ የሚወጣና የሚወርድበት ነው። ዘዴው ያስገርማል። ድንጋይ የጫነው ፉርጎ በክብደቱ ሲወርድ፣ በመዘውር ላይ በዞረው ገመድ ባዶውን ወደ ላይ ይስባል። ሞተር የለም፤ ነዳጅ የለም፤ ፍሬን ብቻ። ጭነቱ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን ሞተር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ የደርቢሻየር ተራሮች ላይ በ1831 በተጠናቀቀው የክሮምፎርድና ሃይ ፒክ ባቡር መስመር፣ ዳገቱ አናት ላይ የቆመ የእንፋሎት ሞተር ፉርጎዎቹን ይስብ ነበር። ሚድልተን ቶፕ የሚባለው ቦታ ላይ ያለው የ1829 ሞተር ዛሬም አለ። መስመሩም የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

የመጨረሻው ምልክት የእኔ ተወዳጅ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ አራት ማዕዘን፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ። ካያችሁ ቁሙ። ከእንፋሎት ባቡር በፊት ፉርጎ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ከሐዲዱ ስር እንጨት አግድሞ መዘርጋት የፈረሱን እግር ያደናቅፋል። ስለዚህ ሐዲዱን የሚሸከሙት በግራና በቀኝ ለየብቻ የተቀመጡ ድንጋዮች ሆኑ፤ መሃሉ ለፈረሱ ተለቀቀ። ቀዳዳው ሐዲዱ በችንካር የታሰረበት ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያሉ ሰዎች ደግሞ ከዚህም አልፈው በ1820 ሐዲዱን ራሱን ከግራናይት ጠረቡት። ሄይቶር ይባላል። የድንጋይ ሐዲዱ ዛሬም ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ድንጋይ ለማጓጓዝ በድንጋይ ሐዲድ፤ ብረት ከሩቅ ከማስመጣት በእጅ ያለውን መጠቀም።

በጀልባ ቦይ ዳር ስሄድ ምን ልመልከት?

የድልድዮቹን ጠርዝ። ከስር ስታልፉ በእጃችሁ ዳስሱት። ድንጋዩ ወይም ጠርዙን ለመከላከል የተለጠፈው ብረት በጣት የሚገባ ጭረት ካለው፣ ጭረቱ የገመድ ነው። ገመዱ እርጥብ ነው፤ አሸዋና ጠጠር ይዟል፤ በየቀኑ እየታከከ ብረት በላ። ስለ ድካም ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሐውልት አላየሁም።

ፈረሱ ይህን ሁሉ የሚችለው ውሃው ስለሚሸከምለት ነው። በመንገድ ላይ በጋሪ ከሁለት ቶን በላይ ከተጫነበት የሚቸገር አንድ ፈረስ፣ በቦይ ላይ እስከ 30 ቶን የጫነ ጀልባ ይጎትት ነበር። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዚህ የሚረክስ ማጓጓዣ በአገር ውስጥ አልነበረም።

አንዳንድ ድልድይ ጠመዝማዛ መውረጃ አለው፤ መንገዱ ከቦዩ አንድ ዳር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ላይ ታገኙታላችሁ። ላየው ሰው ጌጥ ይመስላል። አይደለም። ፈረሱ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዞሮ በራሱ ድልድይ ስር እንዲያልፍ ነው የተሠራው። ገመዱን መፍታት ሳያስፈልግ መሻገር ይቻላል። አንድ ደቂቃ ለማትረፍ ያን ሁሉ ድንጋይ መጥረብ፤ ሥራ ማለት ይህ ነው።

መንገዱ ከቦዩ ተለይቶ ኮረብታ ላይ መውጣት ሲጀምር አትደናገጡ፤ አልጠፋችሁም። ውሃው ዋሻ ውስጥ ገብቷል። ብዙዎቹ የቦይ ዋሻዎች ፈረስ የሚሄድበት ጠርዝ አልነበራቸውም። ፈረሱ ይፈታና በኮረብታው ላይ ይሄዳል፤ እናንተ የምትሄዱበትም እሱ የሄደበት ነው። ሰዎቹስ? ጀልባው ላይ በጀርባቸው ይተኙና የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየረገጡ ጀልባዋን ወደፊት ይገፋሉ። በሰሜን እንግሊዝ በ1811 የተከፈተው የስታንዴጅ ዋሻ ከ5 ኪሎሜትር በላይ ነው። በጨለማ፣ በጀርባ፣ በእግር።

ከፍታ የማይፈራ ሰው ዌልስ ውስጥ ያለውን የፖንትከሳልቴ ድልድይ ይሞክር። በ1805 ተጠናቀቀ፤ ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ የሠሩት ነው። 307 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ገንዳ 38 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ ተሸክሞ ሸለቆ ይሻገራል። በእግረኛው በኩል መደገፊያ አለ። በጀልባው በኩል የለም። ከእግረኛው መንገድ ሆኖ የጀልባ ተሳፋሪዎችን ፊት ማየት ብቻውን መዝናኛ ነው።

እነዚህ መስመሮች ለምን ተዘጉ?

ቦዩን ባቡር ገደለው። ባቡሩን ደግሞ መኪና። ማውጫዎቹና ካባዎቹ ደግሞ የሚወጣው ሲያልቅ ወይም ሌላ ቦታ ሲረክስ ዝም አሉ።

አንዳንዴ ሞቱ በአንድ ወረቀት ይመጣል። በብሪታንያ በ1963 የወጣው በተለምዶ የቢቺንግ ሪፖርት የሚባለው ሰነድ 8,000 ኪሎሜትር ገደማ መስመርና ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ተዘጋ። ያኔ ያለቀሱት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያው መስመር ላይ ብስክሌት ይነዳሉ።

ታዲያ እንዴት ሳይጠፉ ቀሩ?

አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የቀሩት የቀሩት አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች አሻፈረኝ ስላሉ ነው።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ የአሜሪካው ነው። ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎሜትር የሚዘልቅ ቼሳፒክና ኦሃዮ የሚባል ቦይ ነበር። በ1924 ሥራ አቆመ። ኋላ ላይ መስመሩን የመኪና መንገድ እናድርገው የሚል እቅድ መጣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም በጥር 1954 በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ ርዕሰ አንቀጹን የጻፈው ሰው ይምጣና መንገዱን ሙሉውን ከእኔ ጋር በእግሩ ይሂድ። መጡ። በመጋቢት ወር ከነተከታዮቻቸው ተነሱ፤ ስምንት ቀን ፈጀ። ከብዙዎቹ መካከል ሙሉውን በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ። በ1971 መስመሩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ክርክርን በእግር ማሸነፍ ይሏል ይሄ ነው።

ኒው ዮርክ ውስጥ ያለውን ሃይ ላይን ብዙዎች በፎቶ ያውቁታል። የጭነት ባቡር ድሮ በማንሃተን ጎዳና ላይ ከሰው ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው። ብዙ ሰው ስለገጨ ጎዳናው «የሞት ጎዳና» ተባለ። ከባቡሩ ፊት ፊት በፈረስ እየጋለቡ ቀይ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሰዎች ተቀጠሩ። መፍትሔው በ1934 መጣ፤ ሐዲዱን ወደ ላይ ማንሳት። ባቡሩ በሕንጻዎቹ ላይኛው ፎቅ እየገባ ያራግፍ ነበር። በ1980 የመጨረሻው ባቡር አለፈ። ከዚያ ሣር በቀለበት። ሊያፈርሱት ሲሉ በ1999 ሁለት የሰፈሩ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2009 የመጀመሪያው ክፍል ለእግረኛ ተከፈተ። ዛሬ 2.3 ኪሎሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ይበዛበታል። ፓሪስ ውስጥ ከዚያ ቀድሞ በ1993 በተመሳሳይ ሐሳብ የተሠራው 4.7 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ለእኔ ይበልጥ ሰላም ይሰጣል።

ሕግም ረድቷል። አሜሪካ በ1983 ያወጣችው ድንጋጌ የተዘጋ መስመር ለወደፊት ባቡር ተጠብቆ እስከዚያ እግረኛ እንዲገለገልበት ይፈቅዳል። እግረኛው ተበዳሪ ነው ማለት ነው። ስፔን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በአንድ ፕሮግራም ስር ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ የድሮ መስመር «አረንጓዴ መንገድ» አድርጋለች።

በአቅራቢያዬ እንዲህ ያለ መንገድ እንዴት ላግኝ?

ከሳተላይት ምስል ጀምሩ። ከላይ ሲታይ የድሮ መስመር ይጋለጣል። የእርሻ ወሰኖች ሁሉ ወዲያና ወዲህ ሲጣመሙ አንድ ቀጭን የዛፍ ረድፍ በመሃላቸው ሰንጥቆ ያልፋል። ወይም የቤቶች ረድፍ ያለምክንያት ቅስት ሠርቶ ይዞራል፤ ባቡሩ የታጠፈበት ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ሰዎች የተተዉ መስመሮችን ለይተው ምልክት ያደርጋሉ። የድሮ ካርታ ካገኛችሁ ደግሞ ከዛሬው ጋር አነጻጽሩ።

ስሞችንም ስሙ። ጡብ፣ ወፍጮ፣ ካባ፣ ጣቢያ፣ ከሰል የሚል ስም ያለው ሰፈርና መንገድ ዝም ብሎ አልተሰየመም። ፋብሪካው ከፈረሰ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ስሙ የሰው አፍ ላይ ይቆያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ካርታ ዘርግቼ ግማሽ ቀን ስደናገር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ የቆምክበት እኮ ነው» አሉኝ።

ያለ ፈቃድ መሄድ ይቻላል?

እንደ መንገዱ ነው። ሐዲዱ ስለተነሳ ብቻ መሬቱ የሕዝብ ሆነ ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ መስመሩ ሲዘጋ መሬቱ እየተቆራረጠ ለባለርስቶች ተሽጧል። ግማሹ የታወቀ የእግር መንገድ፣ ግማሹ የሰው ጓሮ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን አንብቡ፤ አጥር ካለ አትዝለሉ፤ ባለቤቱን ካገኛችሁ ጠይቁ። በትሕትና የጠየቀን ሰው የሚከለክል ያን ያህል አይበዛም።

ሐዲዱ አሁንም ካለስ?

አትሂዱበት። የዛገ መሆኑ የተተወ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገለግል መስመርም ይዝጋል። ባቡር ደግሞ እንደሚታሰበው አይጮህም፤ በተለይ ነፋስ ካለ ከጀርባ ሲመጣ አይሰማም። በሕግ የተፈቀደ የእግር መንገድ ካልሆነ በቀር ሐዲድ ላይ ፎቶ መነሳትም ይቅር።

ጉዞው አደገኛ ነው?

የተዘጋጀ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከተራ የእግር ጉዞ የባሰ አደጋ የለውም። አደጋው ከመንገዱ ስትወጡ ነው።

አንደኛው ጉድጓድ ነው። የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ሲለቁ ጉድጓዱን በእንጨት ከድነው፣ አፈር በትነውበት ይሄዱ ነበር። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሣሩ ግን ለምለም ነው። በማዕድን አካባቢ በክብ የተከመረ አፈር መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ካያችሁ ከሩቅ ተመልከቱት።

ሁለተኛው ክምሩ ነው። ከማውጫ የወጣ ተረፈ አፈርና ድንጋይ ተራራ ያክላል፤ ልጆች ሊወጡበት ይፈልጋሉ። ከላይ ደረቅ ቢመስልም ይናዳል። የከሰል ክምር ከሆነ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ለብዙ ዓመታት ሊነድ ይችላል። ዌልስ ውስጥ አበርፋን በሚባል መንደር ጥቅምት 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ምንጭ ላይ የተከመረ የከሰል ተረፈ አፈር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ልጆች ነበሩ። ዛሬ በብዙ የከሰል አገሮች ያለ ልክ የተስተካከሉ፣ ሣር የለበሱ ኮረብታዎች ስታዩ፣ እንደዚያ የተስተካከሉት ይህ እንዳይደገም መሆኑን አስታውሱ።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ውሃ የሞላ ካባ ሰማያዊ ሆኖ ይጣራል። ጠርዙ ገደል ነው፤ ሁለት እርምጃ ወረድ ስትሉ ጥልቅ ነው፤ ከላይ ሞቆ ከስር በረዶ ነው። ዋናተኛ ነኝ ማለት አያድንም።

ዋሻ ውስጥ መግባት ይቻላል?

ለእግረኛ የተከፈተ የባቡር ዋሻ ከሆነ ግቡ፤ እንዲያውም አይለፋችሁ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ያለው ኤልሮይ-ስፓርታ መንገድ ሦስት ዋሻ አለው። ትልቁ ከ1 ኪሎሜትር ይበልጣል፤ መሃል ሲደርሱ መውጫው አይታይም፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል። በባቡሩ ዘመን በረዶ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቅ ትልልቅ በሮች ነበሩት። በብርድ ወራት ዘበኛ ባቡር ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። ያ ብቻ የአንድ ሰው እንጀራ ነበር። ባትሪ ያዙ፤ የስልክ መብራት አይበቃም። ልብስም ደርቡ።

የማዕድን ዋሻ ግን በፍጹም። ችግሩ መደርመሱ ብቻ አይደለም። አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ሽታም ማስጠንቀቂያም የለውም። ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም አብሮት። በፍርግርግ የተዘጋ ዋሻ ካያችሁ ደግሞ ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ይሆናል፤ ተዋቸው።

ወንዙ ለምን ብርቱካናማ ሆነ?

ከማዕድን ማውጫ ስለሚወጣ ነው። ከሰልና ብዙ ማዕድናት ባሉበት ድንጋይ ውስጥ ብረትና ድኝ የተቀላቀሉበት ማዕድን አለ። መሬት ውስጥ ታፍኖ ሳለ ምንም አይልም። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ዝገትና አሲድ ይሆናል። ማውጫው ተዘግቶም፣ ፓምፑ ቆሞም፣ ውሃው ከስር ሞልቶ መፍሰሱን ይቀጥላል። ያ የብሪጅዋተር ቦይ ዎርስሊ ላይ ብርቱካናማ የሆነው በዚህ ነው። አትጠጡት፤ ውሻችሁም አይጠጣ።

እዚህ የሚበቅሉት ተክሎች ለምን ከሌላው ቦታ ይለያሉ?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ንግግር ማሳጠር አልችልም።

የባቡር መስመር አፈር አፈር አይደለም። ጠጠር፣ አመድና ጥቀርሻ ነው። ውሃ አይይዝም፣ ቶሎ ይግላል። አብዛኛው ተክል ይጠላዋል። አንድ ቢጫ አበባ ግን ቤቴ አለ። ዝርያው ከሲሲሊ፣ ከኤትና እሳተ ገሞራ አካባቢ የመጣ ነው። ኦክስፎርድ የዕፅዋት ማሳያ ውስጥ ተተከለ፤ ከዚያ አምልጦ ግድግዳ ላይ በቀለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ባቡር ኦክስፎርድ ሲገባ፣ አበባው ጠጠሩን አየና የእሳተ ገሞራ ምድሩን ያገኘ መሰለው። ዘሩ እንደ ጥጥ ቀላል ነው፤ ባቡሩ ሲያልፍ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። በመስመሩ ተከትሎ አገሩን አዳረሰ። ትኬት ሳይቆርጥ።

የማዕድን ክምር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እርሳስና ዚንክ የበዛበት አፈር ብዙውን ተክል ይመርዛል። መርዙን የለመዱ ጥቂቶች ግን ተወዳዳሪ ስለሌላቸው ይንሰራፋሉ። በቤልጂየምና በጀርመን ድንበር፣ ኬልሚስ አካባቢ ባለው የዚንክ ምድር ላይ የሚበቅል ቢጫ ቫዮሌት አለ። ድሮ እንዲህ ያለ አበባ ካዩ ከስሩ ማዕድን አለ ብለው ይጠረጥሩ ነበር።

በእነዚህ መንገዶች ላይ እነማን ይሠሩ ነበር?

ምልክት ሰሌዳዎች የመሐንዲሱንና የባለሀብቱን ስም ይጽፋሉ። ቆረጣውን ግን በዶማና በአካፋ የቆረጡት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ ሥራ እየተከተሉ፣ በየዳሱ እየኖሩ። የጀልባዎቹ ቤተሰቦች ወርዳቸው 2.1 ሜትር በሆነ ጀልባዎች ጭራ ላይ ባለች ክፍል ውስጥ ወልደው አሳደጉ። ልጆቹ ፈረስ ይነዱ ነበር።

ከመሬት ስር የባሰ ነበር። ትንንሽ ልጆች በጨለማ ተቀምጠው ፉርጎ ሲመጣ የአየር በር ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ብሪታንያ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት ስር እንዳይሠሩ የከለከለችው በ1842 ነው። እርሳስ በሚቀልጥበት አካባቢ ደግሞ ኮረብታውን ሽቅብ የሚወጣ ረጅም የድንጋይ ቦይ ስታገኙ፣ መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ የተጋደመ ጭስ ማውጫ ነው። በጭሱ የሄደው እርሳስ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እሱን ፍቀው የሚያወጡ ሰዎች ውስጡ ይገቡ ነበር።

በስፔን ያለው ካሚኒቶ ዴል ሬይ ስሙ «የንጉሡ መንገድ» ማለት ነው፤ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በ1921 ስለሄዱበት። የተሠራው ግን ከ1901 እስከ 1905 ነው፤ ገደል ላይ 100 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ለውሃ ኃይል ማመንጫ ሠራተኞች። አንድ ቀን ያለፉት ንጉሥ ስም ወጣላቸው። በየቀኑ ያለፈው ሠራተኛ አልወጣለትም። ፈራርሶ ሰው ከገደለ በኋላ ተዘግቶ ቆየ፤ በ2015 ታድሶ ተከፈተ።

ለአዛውንትና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ይመቻል?

ከማንኛውም የእግር መንገድ ይልቅ የድሮ ባቡር መስመር ይመቻል፤ ፉርጎ በገመድ የሚወጣበት ካልሆነ በቀር ዳገት የለውም። ሁለት ነገር ብቻ ቀድማችሁ አጣሩ። የላዩ ንጣፍ ምንድን ነው? ልቅ ጠጠር ከሆነ ጎማ ይቀረቅራል። ድልድይ የጎደለበት ቦታስ አለ? ድልድዩ ከፈረሰ በደረጃ መውረድና መውጣት ይመጣል፤ ያኔ ሜዳነቱ ዋጋ የለውም።

ልጆች ይሰለቻሉ?

«ቆንጆ መልክዓ ምድር» ካላችኋቸው አዎ። የገመድ ጭረት ፈልጉ፣ ቀዳዳ ድንጋይ ቁጠሩ፣ ጣቢያው የት እንደነበር አግኙ ካላችኋቸው አይሰለቹም። ከክምርና ከጉድጓድ አርቋቸው። የእርሳስ ማዕድን በነበረበት ቦታ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ያገኘሁትን ቡሎን ወይም የሐዲድ ቁራጭ ብወስድስ?

ተዉት። ባለቤት አለው፤ ደግሞም ቦታው ላይ ሆኖ ነው የሚናገረው፤ መደርደሪያ ላይ ዝገት ብቻ ነው። ከሐዲድ ስር የነበሩ ጥቋቁር እንጨቶችንም ለማገዶ አታስቡ። እንዳይበሰብሱ ክሪዮሶት በሚባል ሬንጅ መሳይ ዘይት የተነከሩ ናቸው፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ፋብሪካና ዝገት ማየት ምን ደስ ይላል?

ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ አልከራከርም። ግን ጀርመን ውስጥ ዱይስቡርግ ያለውን የብረት ማቅለጫ እዩ። በ1985 ተዘጋ። የመልክዓ ምድር ባለሙያው ፔተር ላትስ ሊያፈርሰው አልፈለገም። ማቅለጫው ላይ ሰው ወጥቶ ሩቅ ያያል፤ የማዕድን ማከማቻው ግድግዳ የገደል መውጣት መለማመጃ ሆነ፤ የጋዝ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል። በመሃሉ ዛፍ በቅሏል። አስቀያሚ ነው የሚል ሰው አንድ ጊዜ ሲመሽ ይሂድና ይመለስ።

መንገዱ በድንገት አጥር ላይ ቢቆምብኝስ?

ይቆማል፤ ተለማመዱት። መስመሩ ላይ ቤት ተሠርቶ ወይም ድልድዩ ተነስቶ ይሆናል። ዙሩና ከማዶ ፈልጉት፤ የቆመበትን አቅጣጫ ይዛችሁ በቀጥታ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ሌላኛው ጫፍ ይታያል፤ የዛፍ ረድፍ፣ የድልድይ እግር፣ ያለቦታው የተቆለለ አፈር። ካልታየ ደግሞ ሰው ጠይቁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ጀምሩ።